ራሱን የማያመው ተማሪ

ነይ ጥሩብርሃን፣ እዚህ ተቀመጪ፤ ጥላው ገና አልሸሸም። ዛሬ የባሕሩ ነፋስ ደግ ነው፣ አይደል? ጉልበትሽስ እንዴት ሰነበተ? እኛ ደኅና ነን፣ ባሩህ ሀሼም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ኖይም ደኅና ናት። የወንድሜ ልጅ እኮ፣ ነርስነት የምትማረው… አዎ፣ ያቺ ራሷን ሲያማት የከረመችው።

አልነገርሁሽም እንዴ? ፈተና ሲቃረብ ግንባሯን ቀስፎ ይይዛታል። መጋረጃ ዘግታ ትተኛለች፤ እህል አይወርድላትም፤ ለሻባት፣ ለሰንበት ማዕድ ስንጠራት "ዶዳ፣ አክስቴ፣ አልችልም" ትለኛለች። በዚህ መሀል የሰይፉ ልጅ ሠርግ ደረሰ። እዚያ አንዲት የተከበሩ ሴትዮ… ስም ምን ያደርጋል… "የእኔ ልጅ ሦስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሲማር አንድ ቀን ራሱን አሞት አያውቅም። ራሱን የሚያመው ትምህርት የከበደው ነው" አሉ። ኖይ ሳህኗን ይዛ አጠገባቸው ቆማለች። እሳቸው መቼም አንጀታቸው ርኅሩኅ ነው፤ ልጅቱ ለመስማት እንዳትቸገር ብለው ጮክ አድርገው ነው የተናገሩት። ሙዚቀኞቹም ሰሙ።

ከዚያ ወዲያ ኖይ አመመኝ ማለት ተወች። በየቀኑ ኪኒን ትውጣለች፣ ለማንም አትናገርም። ፈተናው ላይ ተቀምጣ ሳለች ፊደሉ ተምታታባት። ወረቀቱን ባዶውን ሰጥታ መጣችና "ዶዳ፣ እውነታቸውን ነው፤ ትምህርት ለእኔ አልተፈጠረም" ብላ አለቀሰች። ምን ልደብቅሽ፣ እኔም አብሬ አለቀስሁ።

በማግሥቱ እጇን ይዤ ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት። ሐኪሟ ሳቂታ ሴት ናት። "ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ውኃስ ትጠጫለሽ? ኪኒኑን ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?" አለቻት። ለካ ኪኒኑም ሲበዛ ራስ ያሳምማል! ዓይኗም መነጽር ፈልጎ ኖሯል። እንዲያው ቀስ በቀስ ተሻላት። መብላት ጀመረች፣ ከጓደኞቿ ጋር መሳቅ ጀመረች። ለድጋሚው ፈተና ተቀመጠችና አለፈች! እልል አልሁልሽ፤ ጎረቤት ሁሉ ምን ሆነች ብሎ በሩን ከፈተ።

ታዲያ ጫማ ልሸልማት ብዬ ወደ ፖሌግ፣ ወደ ሱቆቹ ሰፈር ወረድሁ። ጫማ የሚሸጠው ልጅ ምን የመሰለ መሰለሽ! ትሑት፣ ቀልጣፋ… ሳቁ የማውቀው ሰው ሳቅ፣ አፍንጫው የማውቀው ሰው አፍንጫ። ሲያየኝ ሳጥኑ ከእጁ ወደቀ። "ዶዳ፣ እባክሽ ለእናቴ እንዳትነግሪብኝ። ዩኒቨርሲቲውን የተውሁት በመጀመሪያው ወር ነው፤ እሷ ለሰው ሁሉ ስታወራ እንዴት ብዬ ልንገራት?" አለኝ። አሳዘነኝ። እኔም አልነግራቸውም ብዬ ማልሁለት። ታዲያ ለእናቱ ነገርሁ? አልነገርሁም። የምነግረው ለአንቺ ነው።

ግን እንዴት ያለ ጤና ነው፣ በይ? ሦስት ዓመት ሙሉ ተምሮ ራሱን አለመታመም! እንዲህ ያለ ትምህርት የት ነው የሚሰጠው? እናትየዋስ… እንዴት ቢጠብቁት ነው መጽሐፍ እንኳ ያልነካው?

ምን ትጎሽሚኛለሽ? ከኋላችን? የትኛዋ ሴትዮ…

ውይ! እሜቴ፣ እዚህ ነበሩ እንዴ? ኧረ በሞቴ አይነሡ! እኛ እኮ ስለ ሌላ ሰው ነው የምንጫወተው። ምነው ግንባርዎን ያዙ? እርስዎ ቤት ራስ ምታት አይገባም አልነበር? ፀሐዩ ይሆናል… ቀስ ብለው ይሂዱ።

እግዚአብሔር የልጅዎን የምረቃ ቀን ያሳይዎ። ዕድሜዎን ያርዝመው፣ እሜቴ… በጣም፣ በጣም ያርዝመው፤ እስከዚያ እንዲያደርስዎ።