ያልጠለቀችው አውራ ጣት

(ደብረ ብርሃን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤ በአንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ፣ ለሁለት ተቆርጦ መጠመቂያ በሆነ የውሃ ሮቶ ዳር፣ የሰባ አራት ዓመቱ የቀድሞ ማመልከቻ ጸሐፊ ጋሽ ወንድይፍራውና የሃያ አንድ ዓመቱ የሞርሞን ሚስዮናዊ ያፌት ነጭ ቱታ ለብሰው፣ ውሃ እያንጠባጠቡ ቆመዋል።)

ወንድይፍራው፦ አራተኛ አልገባም። ሦስት ጊዜ ገብቻለሁ። በሥላሴ ስም ሦስት ይበቃል።

ያፌት፦ ጋሼ፣ ሦስቱም አልተቆጠሩም።

ወንድይፍራው፦ ማን ነው የማይቆጥረው? እኔ አጥንቴ ውስጥ ቆጥሬዋለሁ። የደብረ ብርሃን ውሃ እኮ ነው፤ በረዶ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።

ያፌት፦ ሰውነት በሙሉ መጥለቅ አለበት። ከፀጉር እስከ ጥፍር። አንዲት ነገር ከላይ ከቀረች እንደገና ነው። አምስተኛው ትምህርት ላይ ነግሬዎት እርስዎም ደብተርዎ ላይ ጽፈውታል።

ወንድይፍራው፦ ጽፌዋለሁ። ግን ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጁ የገባ ሰው አልገባም ብሎ የሚፈርደው የትኛው ዳኛ ነው?

ያፌት፦ ዳኛ የለም፣ ምስክር ነው ያለው። ሁለት ሰው ቆሞ ያያል። አንደኛው በብርዱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሽማግሌ ኦኬሎ ግን አይቷል።

ወንድይፍራው፦ ያ ዩጋንዳዊው ጓደኛህ? አማርኛ የማይችል ምስክር ቃሉ በየትኛው ችሎት ይያዛል?

ያፌት፦ አንድ ቃል ይችላል።

ወንድይፍራው፦ ምን የሚል?

ያፌት፦ "ጣት"። ዛሬ ጠዋት ነው የተማረው።

ወንድይፍራው፦ እሱም ሽማግሌ፣ አንተም ሽማግሌ። ሌላ ቀን ደረትህ ላይ "ሽማግሌ ያፌት" የሚል ለጥፈህ ትመጣለህ። ጢምህ እኮ ልብቀል ወይስ ልቅር እያለ ገና ይመካከራል። እኔ ስንት ባልና ሚስት ያስታረቅሁ ሰውዬ እዚህ ስመጣ "ወንድም ወንድይፍራው" ተባልኩ።

ያፌት፦ ማዕረግ ነው፣ ዕድሜ አይደለም። ይሄን በመጀመሪያው ትምህርት ተከራክረን ጨርሰናል።

ወንድይፍራው፦ አልጨረስንም። ለሌላ ቀን ተቀጠረ እንጂ።

ያፌት፦ እሺ ይቀጠር። አሁን ግን ውሃው። በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣልን። ስድስት ሰዓት ላይ ጎረቤቶቹ ጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። ጥምቀቱ ሲያልቅ ለልብስ ማጠቢያ ይቅዱት ብለን ቃል ገብተናል።

ወንድይፍራው፦ እኔ የወጣሁበትን ውሃ?

ያፌት፦ ለልብስ ብቻ ነው።

ወንድይፍራው፦ ኃጢአቴ ከሰዓት በኋላ በየአጥሩ አንሶላ ላይ ሊሰጣ ነዋ።

ያፌት፦ ኃጢአቱም ቢሆን የሚታጠበው ሙሉ በሙሉ ሲጠልቁ ነው። እስካሁን ያለው ውሃ ንጹሕ ነው።

ወንድይፍራው፦ ስማ ልጄ። በየዓመቱ ጥምቀት ሲሆን እወጣለሁ። ካህኑ ይረጩናል፣ አንዱ ጆሮው ይነካዋል፣ አንዱ ጃንጥላው ብቻ ይርሳል፤ ሁላችንም ተጠምቀን እልል ብለን እንገባለን። ጣት የቆጠረ ሰው አላየሁም።

ያፌት፦ የኛ ይለያል።

ወንድይፍራው፦ ይለያል እንጂ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው ይላሉ፤ አንተ ግን ሳታሳስቀኝ ነው የወሰድከኝ። ቡና ተው አልክ፣ ተውኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሴን በሻሽ አስሬ ዞርኩ። ሻይ ተው አልክ፣ ተውኩ። ጠላውንም ተውኩ። የዕድር ስብሰባ ላይ ለብ ያለ ውሃ ይዤ ስቀመጥ "አቶ ወንድይፍራው መድኃኒት ጀመሩ እንዴ" ተባልኩ። አሁን ደግሞ አንዲት ጣት ላይ ልትጨክን ነው?

ያፌት፦ እኔስ ስለ ጣቷ ልጠይቅዎት ነበር። በመጀመሪያው "ጉልበቴ አይታጠፍም" አሉኝ። እሺ አልኩ። በሁለተኛው "ቱታው አየር ይዞ አነሳኝ" አሉ። በሦስተኛው "ላስነጥስ ነበር"። ሦስቱም ጊዜ ግን የወጣችው ያችው የቀኝ እግር አውራ ጣት ናት።

ወንድይፍራው፦ ትንሳፈፋለች። የዘር ነው።

ያፌት፦ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ከመግባትዎ በፊት የቀኙን ካልሲ አወለቁ። የግራውን አይደለም፤ የቀኙን ብቻ።

ወንድይፍራው፦ ምስክር ነገሩን በግልጽ ማየት አለበት።

ያፌት፦ የቱን ነገር?

ወንድይፍራው፦ ጣቷ ውጭ... ማለቴ፣ ውሃውን።

ያፌት፦ ጋሼ፣ ሆን ብለው ነው እንዴ?

ወንድይፍራው፦ ይሄ መሪ ጥያቄ ነው። ተቃውሞ አለኝ።

ያፌት፦ ጋሼ።

ወንድይፍራው፦ እሺ፣ ጣቴን በዋስ ውጭ አቆይቻታለሁ። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ይባል የለ? ሌላው ሰውነቴ ተማክሮበት ገብቷል። ጣቴ ግን እንዲሁ አትሄድም።

ያፌት፦ ምን አድርጋ ነው?

ወንድይፍራው፦ ስለ እንጉዳይ ነግሬሃለሁ።

ያፌት፦ ስለ ባለቤትዎ? ፎቷቸውንም አሳይተውኛል። ነፍሳቸውን ይማር።

ወንድይፍራው፦ ሦስት ዓመት ሆናት። ሚካኤል ግቢ ከጽዱ ሥር ናት። አጠገቧ የአንድ ሰው ቦታ አለ፤ የኔ ነው። ባለፈው ሳምንት የንስሐ አባቴ መጡ። ቆመው ነው ያናገሩኝ፣ ወንበር ስሰጣቸውም አልተቀመጡም። "ሙሉ ሰውነትህን ሌላ ውሃ ውስጥ ከነከርክ እዚህ ግቢ አትቀበርም" አሉኝ። ሙሉ አሉ። አርባ ዓመት ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የጻፍኩ ሰው ነኝ። አንዲት ቃል የሰው መሬት ስታስነጥቅ አይቻለሁ።

ያፌት፦ ስለዚህ አንድ ጣት ካልገባች...

ወንድይፍራው፦ ሙሉ አይደለም። የዩጋንዳ ምስክር አለኝ።

ያፌት፦ ታዲያ ለምን ይጠመቃሉ? ማንም አላስገደደዎትም። ይቅርብዎት፣ ከባለቤትዎ ጎን ይረፉ።

ወንድይፍራው፦ አንተ ነህ ያስገደድከኝ። ሦስተኛው ትምህርት ላይ "በእኛ ዘንድ ባልና ሚስት ለዘላለም ይታሰራሉ፣ ሞት አይፈታቸውም" ብለህ ወጣህ። እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሄጄ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። "በሰማይ ማግባት የለም፣ እንደ መላእክት ነው የምትሆኑት" አሉኝ። ከእንጉዳይ ጋር እንደ መላእክት መሆን እኔ አልፈልግም። እንደ ሰው ነው የምፈልጋት። እሷ የጨው ዕቃውን የት አኖርከው እያለችኝ፣ እኔ አልነካሁም እያልኩ።

ያፌት፦ ገባኝ።

ወንድይፍራው፦ አልገባህም፤ አላገባህማ። ቤቱ ዝም ብሏል፣ ልጄ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ተሳስተሃል ብሎኝ አያውቅም። ስለዚህ ሥጋዬን ለሚካኤል፣ ነፍሴን ለእናንተ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል።

ያፌት፦ ጋሼ፣ እኔም እውነቱን ልንገርዎት። ነገ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሬ እሄዳለሁ። ሚስዮን ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አንድ ሰው አላጠመቅኩም።

ወንድይፍራው፦ አንድም?

ያፌት፦ አንዲት እናት እስከ መጨረሻው ደርሰው ነበር። ቡና ላይ ቀሩ።

ወንድይፍራው፦ አይፈረድባቸውም።

ያፌት፦ እርስዎን ባጠምቅ ደስታዬ ነው። ግን ደረቅ ጣት ይዘው ወጥተው "ተጠምቀዋል" ብዬ ብፈርም ውሸት ነው። በውሸት የታሰረ ነገር ደግሞ እዚያ ቢፈታብዎትስ? እትዬ እንጉዳይን ዓይንዎ እያየ ቢያጧቸው፣ እኔ በምን አፌ?

ወንድይፍራው፦ ጥሩ ልጅ ነህ። ጥሩ ልጅ ባትሆን ይሻለኝ ነበር።

ያፌት፦ ከንፈርዎ ጠቆረ። ይቀመጡ፣ ሽማግሌ ኦኬሎ ፎጣውን ይዞ እስኪመጣ ይችን የረጠበች ካልሲ እናውልቃት።

ወንድይፍራው፦ ግራውን ተወው።

ያፌት፦ ብርድ ይገባዎታል፣ እግርዎን ይስጡኝ። ... ጋሼ፣ የዚህ እግር አውራ ጣት የታለች?

ወንድይፍራው፦ ቀድማኝ ሄደች።

ያፌት፦ የት?

ወንድይፍራው፦ ሚካኤል። ስኳር በሽታ ነው የወሰዳት፣ ሰባት ዓመቷ። ሐኪም ቤት ሲቆርጧት እንጉዳይ "የባሌን ሥጋ ቆሻሻ ላይ አትጥሉትም" ብላ በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ቀጥታ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄደችና "ፍቱልኝ" አለቻቸው።

ያፌት፦ ለጣት ፍትሐት ይደረጋል?

ወንድይፍራው፦ እሳቸውም እንዳንተ ነው ያሉት። "ፍትሐት ለሰው ነው" አሏት። ነጠላውን ፈታ አድርጋ "ታዲያ ይቺ የማን ናት፣ የዶሮ ናት?" አለች። ከእንጉዳይ ጋር ተከራክሮ የረታ የለም፣ ጸለዩላት። ከጽዱ ሥር ተቀበረች። በአርባዋ ደግሞ ንፍሮ ተቀቅሎ ጎረቤት ተጠራ።

ያፌት፦ ለጣቷ?

ወንድይፍራው፦ እኔ በከዘራ ተደግፌ ሐዘንተኛ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ሰው እየገባ "እግዜር ያጽናዎት" ይለኛል። አንዱማ "በጣም ትመስልዎት ነበር" ብሎኛል።

ያፌት፦ ከዚያ እትዬ እንጉዳይ...

ወንድይፍራው፦ ከዚያ እሷ ታመመች። ስትሞት "ከጣቱ ጎን አድርጉኝ" አለች። የያዘችልኝ ቦታ እሱ ነው፤ ጣቴ በአንድ ወገን፣ እሷ በሌላ ወገን፣ መሐሉ ባዶ።

ያፌት፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። አንድ ሰው ሁለት ቦታ ይቀበራል?

ወንድይፍራው፦ አይቀበርም።

ያፌት፦ የተጀመረ ቀብር ይቋረጣል?

ወንድይፍራው፦ እንዴት ተደርጎ? ወዴት እየወሰድከኝ ነው?

ያፌት፦ የእርስዎ ቀብር የተጀመረው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ፍትሐቱን ያደረሱት ራሳቸው የንስሐ አባትዎ ናቸው። አርባዎም ወጥቷል። የቀረው ምንድን ነው?

ወንድይፍራው፦ አፈጻጸም።

ያፌት፦ ሁለተኛ። "ሙሉ ሰውነትህን" ነው ያሉት። ሙሉ ሰውነትዎ የት አለ? ዘጠኝ የእግር ጣት ይዘው ነው እዚህ የመጡት። በዚህ ሮቶ መቶ ጊዜ ቢጠልቁ፣ አንዷ እዚያ ጽዱ ሥር ደረቅ እንደሆነች ናት።

ወንድይፍራው፦ ያንተስ ሕግ? ከፀጉር እስከ ጥፍር አላልክም?

ያፌት፦ እኔ የማጠልቀው ያለውን ነው። የሌለውን አልጠየቅም። ሽማግሌ ኦኬሎም የሚያየው የመጣውን ነው። የቀኟን በዋስ ማቆየት አያስፈልግም፣ ጋሼ። ዋሷ ቀድማ ተቀብራለች።

ወንድይፍራው፦ እስቲ ድገምልኝ።

ያፌት፦ ዋሷ ቀድማ ተቀብራለች።

ወንድይፍራው፦ ይሄን እኔ እንዴት አጣሁት? አርባ ዓመት ለሰው ሁሉ ቀዳዳ ስፈልግ ኖሬ የራሴን እግር አላየሁም። የንስሐ አባቴ ይሄን ሲሰሙ ተቀምጠው ነው የሚያዳምጡት።

ያፌት፦ ይቀበሉታል?

ወንድይፍራው፦ እንጉዳይ የረታቻቸው ነገር ላይ ይግባኝ አይሉም። አንተ ልጅ፣ አሁን ገና ሽማግሌ ሆንክ።

ያፌት፦ አንድ ነገር ደግሞ ልደብቅዎት አልፈልግም። ለዘላለም ለመታሰር እትዬ እንጉዳይም መጠመቅ አለባቸው። ውጭ አገር ባለው ቤተ መቅደስ በሕይወት ያለ ሰው በስማቸው ይጠመቅላቸዋል።

ወንድይፍራው፦ ሳትጠየቅ?

ያፌት፦ ይጠየቃሉ። በወዲያኛው ዓለም እሺ ማለትም እምቢ ማለትም ይችላሉ።

ወንድይፍራው፦ እምቢ ትላለች። ለጋብቻም ስጠይቃት ሦስት ጊዜ እምቢ ብላኛለች።

ያፌት፦ በአራተኛው?

ወንድይፍራው፦ በአራተኛው "ሰውዬው ብርድ ሊገድለው ነው፣ አስገቡት" አለች። አባቷ ደጅ ቆሜ ነበር፤ ሐምሌ ነው።

ያፌት፦ እንግዲያው አራተኛ እንግባ?

ወንድይፍራው፦ እንግባ። ካልሲውንም ተወው፣ ባዶ እግሬን ልግባ። ቆይ ግን፣ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ።

ያፌት፦ ውሃውን ማሞቅ አንችልም፣ ጋሼ።

ወንድይፍራው፦ የውሃው አይደለም። ሙታንን ታጠምቃላችሁ አልከኝ አይደል? እኔን አጥምቀኝ፣ እንጉዳይንም አስፈቅዳችሁ አጥምቋት። ያቺን ከጽዱ ሥር ያለችውን ጣቴን ግን ማንም እንዳይነካብኝ። እኔና እንጉዳይ ተሳስተን ከሆነ የምታማልደን እሷ ናት።