እትዬ ቁልፍና አራት መቶው ማሽን

ወደ ዓይን ሐኪም ቤት የሄድኩት ለራሴ ጉዳይ ነበር። በመድኃኒት ካርቶን ላይ የሚታተመውን ደቃቅ ጽሑፍ ክንዴን ዘርግቼ ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁና፣ የሥራ ጓደኞቼ መሳቂያ ሳያደርጉኝ መነጽር ላስለካ ብዬ ነው። ወረፋ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንዲት ወይዘሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል። ሰው እንዳያያቸው የፈለጉ ይመስላሉ። ቀረብ ብዬ ሳይ እትዬ ቁልፍ ናቸው።

እትዬ ቁልፍ እኔ በፋርማሲስትነት የምሠራበት የመድኃኒት መጋዘን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበሩ። መጋዘኑ ለሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት ያከፋፍላል። የትኛው መድኃኒት በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ፣ ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ፣ የትኛው ካርቶን ለማን እንደተላከ የሚያውቀው አንድ አሮጌ ማሽን ነው፤ ማሽኑን የሚያውቁት ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ጫኝና አውራጆቹ ናቸው፤ ያለ እሳቸው የሚከፈት ነገር የለም ለማለት። እሳቸውም ስሙን ይወዱታል።

ሰላም ስላቸው ደነገጡ። መደበቁ ሲያቅታቸው እውነቱን አወጡት። በሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ፣ ስምንት ወር ሙሉ ከስክሪኑ ላይ አንድ ፊደል እንኳ አላነበቡም።

«ታዲያ እንዴት እየሠሩ ነው?» አልኳቸው።

«በጣቴ። የቱን ስጫን ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ውጤቱን ማተሚያው ያወጣዋል፤ የምታነቡት እናንተ ናችሁ።» ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «የወንድሜ ልጅ እንዳትሰማ፣ አደራ» አሉኝ።

የወንድማቸው ልጅ ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቃ፣ በዚያው ክፍል ከተቀጠረች ዓመት ሆኗታል። የተሰጣት ሥራ አሮጌው ማሽን በምን ይተካ የሚለውን ማጥናት ነው። አክስትና የወንድም ልጅ በአንድ ክፍል፣ አንዷ ማሽኑን ልታኖር፣ ሌላዋ ልትቀብር። ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ ለማየት እኔም ሰበብ እየፈለግሁ ወደዚያ ክፍል መመላለሴን አልክድም።

በሳምንቱ የጊዜ ማለፊያ ዝርዝር ልወስድ ስገባ ክርክሩ ተጀምሮ ደረስኩ። ክፍሉ ጠባብና ቀዝቃዛ ነው። በአንድ ጥግ የትንሽ ፍሪጅ ቁመት ያለው ጥቁር ሣጥን ቆሟል፤ ያ ነው ሰው ሁሉ «አራት መቶው» የሚለው፣ በሙሉ ስሙ ኤኤስ አራት መቶ።

«አክስቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ልጅቷ፣ «ይህ ማሽን በዕድሜ ይበልጠኛል። ሥዕል የለው፣ ማውስ የለው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል ብቻ። ተመርቄ ሙዚየም ውስጥ እሠራለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

«ሥዕል የሚያስፈልገው ማንበብ ላቃተው ነው» አሉ እትዬ ቁልፍ። እኔ ሳል መጣብኝ። እሳቸው ግን ፈገግ እንኳ ሳይሉ ወንበራቸውን አዞሩ። «ስለማታውቂው ነገር እንዳትፈርጂ ልንገርሽ። ይህ ማሽን ለገበያ የወጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ነው። አባቱ፣ ከእሱ በፊት የነበረው ማሽን፣ ደግሞ አሥር ዓመት ያህል ይቀድመዋል። የታሰበውም ብዙ የኮምፒውተር ምሁር መቅጠር ለማይችል ድርጅት፣ እንደኛ ላለው ነው። በሌላው ኮምፒውተር ዳታቤዙን ለብቻ፣ ጥበቃውን ለብቻ ገዝተሽ ትገጣጥሚያለሽ። እዚህ ግን ዳታቤዙም ጥበቃውም ማሽኑን ከሚያስተዳድረው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር አብረው ተወልደዋል።»

ልጅቷ ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሚሆን ጠየቀች። አክስቷ አንድ በአንድ አስረዷት። በሌላ ኮምፒውተር ዕቃውን በየትኛው ዲስክ ላስቀምጥ ብሎ የሚጨነቀው ሠራተኛው ነው፤ ለአራት መቶው ግን ዲስኩም ማስታወሻ ክፍሉም (ሜሞሪው) አንድ ሰፊ ግቢ ናቸው። የዕቃውን ስም ብቻ ከሰጡት ቦታውን ራሱ ይፈልግለታል። ደግሞም በውስጡ ያለ ነገር ሁሉ ምንነቱ ግንባሩ ላይ ተጽፏል፤ መዝገብ ሆኖ የገባ ነገር ኋላ ተነሥቶ እንደ ፕሮግራም ልሥራ ቢል አይፈቀድለትም። ቫይረስ የሚባለውን ወሬ እሳቸው የሰሙት ፎቅ ላይ ስላሉት የቢሮ ኮምፒውተሮች ሲወራ ብቻ ነው።

«ከሁሉ የሚገርመው» አሉ፣ ድምፃቸው ኮራ ብሎ፣ «በዚያው አቆጣጠር በ1995 ሠሪዎቹ ልቡን፣ ፕሮሰሰሩን አውጥተው ፍጹም ሌላ ዓይነት አስገቡበት። በሌላው ዓለም እንዲህ ሲሆን ፕሮግራሙ ሁሉ እንደገና ይሠራል። እኛ ዓርብ መዝገቡን ከአሮጌው አወጣን፣ ሰኞ በአዲሱ ሥራ ጀመርን። የጻፍኳቸው ፕሮግራሞች አንድ ፊደል ሳይነካቸው ተነሡ። ፕሮግራሙ ከብረቱ ጋር አልተጣበቀም፤ በመሃላቸው አስተርጓሚ አለ። ብረቱ ቢለወጥ የሚለወጠው አስተርጓሚው ነው። እኔ ያን ሰኞ ቆሜ አይቻለሁ።»

ልጅቷን የማመሰግናት በዚህ ነው፤ ግትር አልነበረችም። ይህን አላስተማሩንም ብላ ሦስት ሳምንት ሙሉ አነበበች፣ ፈተነች፣ ጠየቀች። በመጨረሻም ማሽኑ ይጣል ሊል የነበረውን ጥናቷን ቀድዳ፣ የዚያው የማሽን ቤተሰብ አዲስ ትውልድ ይገዛ፣ ሥራው ሁሉ ወደዚያ ይሻገር ብላ ጻፈች። ጥናቱን ይዛ አክስቷ ፊት የቆመች ቀን እኔም ነበርኩ።

«በማሽኑ ነገር ተረትቻለሁ» አለች። «አሁን የሚያሳስበኝ እርስዎ ነዎት። እዚህ ውስጥ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ፕሮግራም አለ። ስማቸው ሁሉ ስምንት ስምንት ፊደል ነው። የቱ ምን እንደሚሠራ የሚናገር አንድ ወረቀት አጣሁ።»

እትዬ ቁልፍ ግንባራቸውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። «ወረቀቱ እዚህ አለ።»

«ይጻፉልኝ፣ ወይም እየነገሩኝ ልጻፍ።»

«ስጽፈው የሚሆነውን አውቃለሁ። ደብተሩን ይቀበሉኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ ይሉኛል፣ በሩን ያሳዩኛል። ዲግሪ የላትም፣ ሴት ናት፣ ማሽን ምኗ ነው ሲሉኝ እዚህ ወንበር ላይ ያቆየኝ ምን ይመስልሻል? የማውቀው ነገር ነው። እሱን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጠው?»

«ማንም እንዲያስወጣዎት አልፈልግም።»

«አንቺ አትፈልጊም። አንቺ ዳይሬክተር አይደለሽም።»

እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት ልቤ ወደ እትዬ ቁልፍ አደላ። በስንት ልፋት ያገኙት ነው። ነገር ግን የአንድ ሰው ክብር የብዙ ሰው ሕይወት ማሠሪያ ሲሆን፣ ክብሩም ሸክም መሆኑ አይቀርም። ልጅቷ በለሰለሰ ድምፅ እንዲህ አለች፦

«ማሽኑን ይህን ያህል ከወደዱት ለምን አልመሰሉትም? ስህተት ሲፈጠር መልእክት ይልካል። መልእክቱ ላይ የእርዳታ ቁልፉን ሲጫኑ ምክንያቱ ይህ ነው፣ መፍትሔው ይህ ነው ብሎ ይዘረዝራል። ለነባሩም ለአዲሱም እኩል ይናገራል። እኔ እስከ ዛሬ የሚያውቀውን ሲደብቅ አላየሁትም።»

አክስቷ ወደ ሥራሽ ተመለሺ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። በዚህ ተለያዩ።

የዓይኑ ነገር ግን ፋታ አልሰጣቸውም። ሐኪሙ ከዚህ በላይ መቆየት አይቻልም ስላላቸው የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወሰዱ። ለቤተሰብም ለመሥሪያ ቤትም የነገሩት ቀላል ምርመራ ነው ብለው ነው። አንድ ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ታሸገ፤ ሌላው ገና በሞራው ነው። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ እኔ ቢሮ አንድ ደብዳቤ ደረሰ። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ከላከልን አምራች ነው፤ ከአንድ የምርት ቁጥር የወጡት ከረጢቶች ክዳናቸው ስለሚያፈስስ ማንም ሰው ላይ እንዳይውሉ፣ ባስቸኳይ እንዲሰበሰቡ ይላል።

ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሮጥኩ። የምርት ቁጥርን ይዞ የት የት እንደተላከ የሚያወጣ ፕሮግራም መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ እትዬ ቁልፍ በዓመት አንዴ ሁለቴ ያወጡልን ነበር። የትኛው እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ልጅቷ መዝገቦቹን ራሷ ልታገናኝ ሞከረች፤ የመዝገቦቹም ስም ምህጻረ ቃል ነው፤ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል አለች። በየጤና ጣቢያው እንደውል ብንልም ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ግማሾቹ ስልክ አያነሡም።

አክስቷ ጋ ደወለች። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። እትዬ ቁልፍ ቀስ ብለው፣ «ስሙን መናገር አልችልም። ጣቴ ነው የሚያውቀው» አሉ።

ትርፍ የቁልፍ ሰሌዳ በብብቴ ይዤ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ቤታቸው ሄድኩ። አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰሌዳውን ከምንም ሳላገናኝ ጭናቸው ላይ አኖርኩት። እጃቸውን ጫኑበት፤ ጣቶቻቸው ወዲያው በረሩ። እኔ በአንድ ጆሮዬ ስልክ ይዤ የተጫኑትን ፊደል ለልጅቷ ልናገር ስሞክር ሦስቱን ያዝኩ፣ የቀረው አመለጠኝ።

«ቀስ ይበሉ» አልኳቸው።

ቀስ ሲሉ ጠፋባቸው። «ስፈጥን ነው የሚመጣልኝ» አሉ። ደግመው ጀመሩ። በየዙሩ ሁለት ሦስት ፊደል እየለቀምኩ፣ በስድስተኛው ዙር ሙሉ ስሙ ወጣ። ልጅቷ ስትጽፈው ማተሚያው ሲንጫጫ በስልኩ ውስጥ ተሰማን።

አርባ አንድ ጤና ጣቢያዎች ነበሩ። ስልክ ላላነሡት በአቅራቢያቸው ሰው እየላክን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም አገኘናቸው። በሁለቱ ከረጢቱ ከታማሚ አልጋ በላይ ተሰቅሎ ሊከፈት ሲል ነው ስልካችን የደረሰው። አወረዱት። ማንም አልተጎዳም።

ሳይመሽ ተመልሼ ልነግራቸው ስሄድ እትዬ ቁልፍ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ሰሌዳው እንደ ነበረ ጭናቸው ላይ ነው።

«አውቃለሁ እያልኩ ስኮራ የኖርኩት እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው» አሉኝ። «አንደበቴ እንኳ የማያውቀውን ነገር ግንባሬ ውስጥ አለ እል ነበር። ወድቄ ክንዴ ተሰብሮ ቢሆንስ? ያቺ ልጅ ማሽኑን ለምን አልመሰሉትም ያለችኝ ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። እኔ ብቻ ካወቅሁት ያ እውቀት ምን ይባላል? ደብተር ይዘሽ ነይ በላት። ዓይኔንም ራሴ እነግራታለሁ።»

ነገሯት። ልጅቷ ስምንት ወር ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጣ አለማወቋ አሳፍሯት አለቀሰች፤ ከዚያ ደብተሯን ከፈተች። ሥራው አምስት ወር ፈጀ። ልጅቷ ስም ትጠራለች፣ አክስቷ ያስረዳሉ፤ አንዳንዱን ደግሞ አክስት በፍጥነት ይጫኑታል፣ ልጅቷ ታነበዋለች። በደብተር ብቻም አልቀረም። አራት መቶው ሠራተኛው ራሱ የጻፈውን መልእክት ከነማብራሪያው እንዲቀበል ሆኖ የተሠራ ነውና፣ የእትዬ ቁልፍን ቃል በየቦታው እዚያው ማሽኑ ውስጥ አስገቡት። አሁን አዲስ ሠራተኛ ግር ሲለው የእርዳታ ቁልፉን ቢጫን የእሳቸውን ምክር ያነባል፤ አንዳንዱ ላይ ቁጣቸው ሳይቀር አለ።

ጥቅሙን ብዘረዝር አያልቅም። አራት መቶ ያህል ፕሮግራሞች ሥራ ያቆሙ ሆነው ተገኙና ተወገዱ። ሃያ ዓመት ተሸሽጎ የኖረ የራሳቸው ስህተት ወጣ፤ እሳቸውም እየሳቁ አረሙት። ወደ አዲሱ ማሽን የተደረገው ሽግግር ሥራ ሳያስቆም በአንድ ቅዳሜና እሁድ አለቀ። አንድ ምርት የት የት እንደተላከ የሚያሳየውን ያንን ዝርዝር ዛሬ የመጋዘኑ ማንኛውም ፋርማሲስት በሁለት ደቂቃ ያወጣዋል። በሩን ያሳዩኛል ብለው የፈሩት ዳይሬክተር ደግሞ የመጋዘኑን ሦስት ቅርንጫፎች ሠራተኞች እንዲያስተምሩ ለመናቸው። በጠራ ዓይናቸው፣ ጠመኔ ይዘው፣ ዲግሪ ባላቸው ሠላሳ ሰዎች ፊት ሲቆሙ አይቻቸዋለሁ። ሰው ሁሉ ይጽፍ ነበር።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ነገር ብቻቸውን የሚያውቁ ሁሉ ይህን ይስሙልኝ። የያዛችሁትን ብታካፍሉ የሚቀንስባችሁ ፍርሃት ብቻ ነው።

እትዬ ቁልፍ ባለፈው ወር ጡረታ ወጡ። በመጀመሪያው ሰኞ ልጠይቃቸው ብሄድ ለብሰው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ስልካቸውን ፊታቸው አኑረው ተቀምጠዋል። ከጠዋት ጀምሮ ማንም አልደወለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገሡና ራሳቸው ደወሉ። የወንድማቸው ልጅ ደህና ነን፣ ሦስት መኪና ጭነን ሸኘን፣ የጎደለ የለም አለቻቸው።

ስልኩን ዘጉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ አንገታቸው ግን ቀጥ ብሏል።

«አንድ ሰው እንኳ አልፈለገኝም» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ሰኞ አይቼ አላውቅም። ሥራዬን ጨርሻለሁ ማለት ነው። አሳምሬ ጨርሻለሁ።»