የተሰነጠቀው በርሜል

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ለአንድ ቄስ ስትናገር ሰማሁ።

«አባቴ፣ ባሌ ጌታሁን የውሃ በርሜሌን በመጋዝ ሰነጠቀው!»

«ምን ሊሆነው፣ ልጄ?»

«ለዚያች አሮጌ መኪናው ከፓራውልቷ ሥር ለጌጥ የሚንጠለጠል የፕላስቲክ ከንፈር ሊሠራላት! ‹የሱቁ ውድ ነው፣ ይኼ በነጻ ነው› ይለኛል።»

«እና አማረባት?»

«ምን ያምርባታል! ገና ኮሶዬ ከተማ ሳይደርስ የመንገዱ ጉድጓድ ገነጠለው። ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፤ አሁን በምን ላጠራቅም?»

«ትዳር ትዕግሥት ይፈልጋል።»

«ስቆጣ ‹ፊተኛዋ ሚስቴም እንደ አንቺ ጨቅጫቃ ነበረች› አለኝ። ለካ እሷም ስንቱን ታግሣ ነው፣ ምስኪን!»

ፊተኛዋ የጌታሁን ሚስት እኔ መሆኔን ሳልነግራት፣ የከበዳትን ዘንቢል ከጭኗ አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩላት።