የአቶ ቅጣው ጉድጓድና የገብሱ ድጎማ

አቶ ቅጣው ሲያስነጥሱ የጓሳ ተራራ ቀበሮ ከነልጆቹ ይበረግጋል። ይህን ያልሰማ የቀየት መንደር ሰው የለም፤ ያልሰማ ቢኖር ራሳቸው ይነግሩታል።

እኚህ ታላቅ ሰው ግን ያን ሰሞን ገብስ በአህያ ጭነው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ገበያ ይወርዱ ነበር። ከጥማዳቸው አንዱ በሬ ገደል ገብቶ ሞቷል። እርሻ ሳይገባ ሌላ ካልገዙ ከጎረቤታቸው ከአወቀ ጋር በሬ መቀናጀት ሊኖርባቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን «በሬዎቹ ከፍየል አይበልጡም» እያሉ ከሚያሾፉበት ከአወቀ ጋር! ምርቱ በየቤቱ ሞልቶ የገብስ ዋጋ ስለ ወደቀ፣ ያላቸውን ሁሉ ቢሸጡ የበሬ ጅራት እንኳ አይገዛላቸውም።

መታጠፊያው ላይ የክርስትና ልጃቸው ትሕትና ድንገት ገጠመቻቸው። ግብርና ተምራ በገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር የምትሠራ ወጣት ናት።

«እንደምን አደሩ አባባ? ገብሱ ወዴት ነው?»

«ወደ ነጋዴ ነዋ! ከአህያዬ ጋር ሽርሽር የወጣሁ መሰለሽ?»

«የወረደውን ዋጋ መንግሥት እየደጎመ፣ ማኅበራችን በደህና ዋጋ ይገዛ የለም እንዴ? ምነው ለእኛ ቢያመጡት?»

አቶ ቅጣው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የድጎማው መዝጋቢ ሲመጣ… ጭብጥ ገብስ የለኝም ብዬዋለሁ።»

«ለምን እንዲያ አሉ?»

«ልጄ፣ የመንግሥት ሰው እህልሽን የሚጠይቅሽ ሊያጎርስሽ ነው? ዛሬ ድጎማ ይልሻል፣ ነገ ሀብታም ነሽ ብሎ ግብር ይቆልልብሻል።»

ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። በደርግ ጊዜ እህላቸው በኮታ ሲወሰድ ያዩ ሰው ናቸው።

«ያ ጊዜ አለፈ፤ ዛሬ ግብር የሚታሰበው በመሬት ስፋት ነው» አለች ትሕትና። «የእህል ጉድጓድዎ ቢሞላም ቢጎድልም ግብርዎ ያው ነው። ማሳውን እንደሆነ በጋቢ አይሸፍኑት!»

«ዓይንስ? እህል ሰው ፊት ሲሰፈር በረከቱ ይሄዳል።»

«በጽዋ ማኅበር ጠላ ላይ ‹እኔ ጉድጓድ የሚወርድ ሰው ስንቅ ይያዝ› ሲሉ፣ ዓይን የት ሄዶ ነበር?»

«እሱ ጨዋታ ነው።»

«ለመዝጋቢው ያሉትስ?»

«እሱም… ጨዋታ ነው።»

ትሕትና ሳቋን ዋጠች። «አባባ፣ ድጎማው ምጽዋት አይደለም። ዘንድሮ የከሰረ ገበሬ ከርሞ አይዘራም፤ ያኔ ከተሜውም ይራባል። አምና በርካሽ የሸጡትን ገብስ ለዘር ከማን ገዙት?»

«ከዚያው ከነጋዴው፣ በሦስት እጥፍ» አሉ በቀስታ። «ጆንያውም የእኔው ነበር፤ በመጣፊያው አወቅሁት።»

«እንግዲያው ዛሬም መመዝገብ ይቻላል። ብቻ የማኅበራችን ኮሚቴ መጥቶ ጉድጓዱን ማየት አለበት። ሰብሳቢው ደግሞ… አወቀ ነው።»

አቶ ቅጣው ቀጥ ብለው ቆሙ። ከአወቀ በሬ ጋር ዓመቱን ሙሉ መቀናጀት ወይስ ለአወቀ አንድ ቀን ጉድጓድ መክፈት? አህያዋን ወደ ቤት መለሷት።

በማግስቱ ጉድጓዱ ተከፈተ፤ ሲናፈስ ዋለና ገብሱ ተዝቆ ወጣ። ዳር ዳሩ ሻግቷል፤ መሐሉ ግን ወርቅ ነው። ታች የቀረ እንዳለ ለማየት አወቀ ዘሎ ገባ፤ ትከሻው ከአፋፉ በላይ ቀረ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አቶ ቅጣውን አየ።

«ጋሼ ቅጣው፣ ስንቄን ልመልሰው?» አለ አወቀ።

ከሁሉ ቀድመው የሳቁት አቶ ቅጣው ነበሩ። ደግነቱ፣ ጉድጓዱ ባይጠልቅም ሆዱ ሰፊ ኖሯል። ገብሱ በማኅበሩ ሚዛን ተመዝኖ በድጎማው ዋጋ ሲሸጥ፣ የበሬ መግዣ ወጥቶላቸው ለዘር የሚሆነውም በቤት ተረፈ። ሌሎቹም ይህን አይተው ጉድጓዳቸውን ከፈቱ፤ በየጓዳው ተደብቆ የሚሻግተው እህል ወደ መጋዘን ገባ። ለየብቻው የሚለማመጠውን ገበሬ የለመደው ነጋዴም ዋጋውን ለመጨመር ተገደደ።

በዓመቱ መዝጋቢው ተመልሶ መጣ።

«ምን ያህል ገብስ አለዎት?»

«መቶ ኩንታል!» አሉ አቶ ቅጣው፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው እየወረወሩ።

ትሕትና በጎን አየቻቸው። «አባባ፣ ይመዘናል እኮ።»

«ይመዘን እንጂ!» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የጎደለውንም መንግሥት ይደጉመዋል።»