እስኪደርቅ ትንፍሽ አትበይ

(ደብረ ብርሃን፣ እሑድ ከሰዓት፤ አዜብ የባሏን የታረቀኝን ከል ባወጣች ማግሥት፣ ከደሴ የመጣችው የሟች ታላቅ እህት ትርንጎ መስታወት ፊት አስቀምጣት ፈሳሽ ሊፒስቲክ ልትቀባት ትታገላለች።)

ትርንጎ፦ በወንድሜ አጥንት! በምነግርሽ ላይ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ምላሴ እዚሁ ይቆረጥ። ይሄን ሊፒስቲክ ተቀብቼ ሦስት ሰርግ በልቻለሁ። ሦስቱንም በአንድ ቀን! ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ። ንቅንቅ አላለም።

አዜብ፦ በአንድ ቀን ሦስት ሰርግ?

ትርንጎ፦ አራተኛው የቀረብኝ ጫማዬ ጠቦኝ ነው። አገጭሽን ቀና አርጊ።

አዜብ፦ ተዪኝ በናትሽ፣ እትዬ። ከሌን ያወጣሁት ትናንት ነው። ሻሼን ቀይሬ ከበር ስወጣ እንኳ እግሬ ተሳስሮ ነበር። አሁን ደግሞ ቀለም?

ትርንጎ፦ ያቺ የኬጂ ተማሪሽ ምን ነበር ያለችሽ? በስልክ የነገርሽኝን እስቲ ድገሚው።

አዜብ፦ «ሚስ፣ ከንፈርሽ ለምን ሞተ?»

ትርንጎ፦ ይኸው! ይሄን ሰምቼ እንዴት እንቅልፍ ይውሰደኝ? ደሴን ገለባብጬ ነው ያገኘሁልሽ። ሱቁ ውስጥ አርባ ሻጭ ተሰልፎ ሲያስመርጠኝ ዋለ።

አዜብ፦ ደሴ ውስጥ አርባ ሻጭ ያለው ሱቅ አለ?

ትርንጎ፦ እኔ ስገባ ይሞላል። እጄን እዪው፤ ከትናንት በስቲያ የሞከርኩት መስመር ነው። በሳሙና አጠብኩት፣ በአመድ ፈተግኩት። ጠበል ስገባ ጊዜ ቄሱ ዓይናቸው አረፈበት። መስቀላቸውን ጭነው «ከየት ያዝካት? ተናገር!» እያሉ ሊፒስቲኩን ሲያስለፈልፉት ዋሉ።

አዜብ፦ ኧረ አታስቂኝ! መሳቅ አልፈልግም።

ትርንጎ፦ ቀለሙ ደግሞ አይጮህም። አይወዛ፣ አያብረቀርቅ። የገዛ ከንፈርሽን ነው የሚመስለው፣ ደህና የነበረ ጊዜ። የሰርግ መስሎሽ እንዳትፈሪ፤ የሥራ ቀን ነው። ጠመኔ ይዘሽ፣ ሻይሽን ጠጥተሽ፣ ልጆቹን ስመሽ የምትውይበት።

አዜብ፦ ቀለሙንስ አልጠላሁትም።

ትርንጎ፦ ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሻል? ሰው ነው?

አዜብ፦ ሰውስ ያለውን ይበል። እሱ ቅር ይለው ይሆን እያልኩ ነው እንጂ። አንድ ዓመት እኮ ምንም ማለት አይደለም። ነገ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ስቀባ የማላውቃት ሴት ብታየኝስ?

ትርንጎ፦ ታረቀኝ ነው ቅር የሚለው? እሱማ ነው ያዘዘው!

አዜብ፦ እትዬ...

ትርንጎ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ቫዝሊን በስሱ። እንደሱ። አሁን አፍሽን ገርበብ አርጊው። ስሚኝ፣ ይሄ ነገር እስኪደርቅ ከንፈር ከከንፈር አይነካካም። ከተነካካ በጋ የመታው ማሳ ሆነሽ ትቀሪያለሽ፣ ስንጥቅጥቅ ብለሽ። ሁለት ደቂቃ ትንፍሽ እንዳትዪ።

አዜብ፦ እ።

ትርንጎ፦ ለቀስተኛው ሁሉ ያውቀዋል፤ አንቺ ራስሽን ስተሽ ስለነበር ነው ያልሰማሽው። ያን ቀን ጠዋት፣ ሆስፒታል፣ ራስጌው ቁጭ ብያለሁ። ብድግ ብሎ ተቀመጠ! ስምንት ዶክተር ከበበን።

አዜብ፦ እእ...

ትርንጎ፦ አትናገሪ አልኩሽ እኮ! አሥራ ሁለት ዶክተር፣ አንዱ ከውጭ አገር የመጣ። «ትርንጌ» አለኝ፤ ድምፁ ግቢውን አልፎ አስፋልት ድረስ ይሰማል። «አዜቤን ከል እንዳታስረዝሙባት። ዓመቱ ሲወጣ በራስሽ እጅ ቀለም ቀቢልኝ፤ ፊቷን እንዳታጠፉብኝ» አለ። እጄን እንዴት አርጎ ቢይዘው ጥሩ ነው? ሳምንት ሙሉ አብጦ ነበር! ከዚያ ራሱን እዚህ፣ እዚህ ክንዴ ላይ ጣል አርጎ... ነርሶቹ አለቀሱ፣ ዘበኛው አለቀሰ፣ የጎን አልጋ በሽተኛ የራሱን ሕመም ረስቶ አለቀሰ። አንቺ ደግሞ አሁን ምን ሆንሽ? ዕንባሽን ጥረጊ። በዕንባ አይለቅም፣ ቢሆንም ጥረጊው።

አዜብ፦ እ።

ትርንጎ፦ እስቲ ልንካው... ደርቋል። ያንን ብርጭቆ ስሚው። ይኸው! ምልክት አለው?

አዜብ፦ የለውም። ትንሽ ወጠር ያደርጋል እንጂ።

ትርንጎ፦ መስታወቱንስ አየሽው?

አዜብ፦ እኔኑ ይመስላል። እኔ ነኝ።

ትርንጎ፦ ነገ ተቀብተሽው ትሄጃለሽ?

አዜብ፦ እሄዳለሁ። ልጅቷም ትየው።

ትርንጎ፦ እልልል! እንግዲህ አሁን የእድር ሴቶች ሲመጡ ኑዛዜውን እነግራቸዋለሁ። አንቺ «አዎ፣ እኔም ሰምቻለሁ» በይ፣ በቃ። አንዳንዶቹ በጎን ሲጠቃቀሱብኝ አይቻለሁ። አንቺ ካልሽ ግን ማንም ትንፍሽ አይል።

አዜብ፦ አልልም፣ እትዬ።

ትርንጎ፦ ለምን? ምን ይጎዳሻል?

አዜብ፦ ዓመቱን ሙሉ ዝም ያልኩት ስታወሪው ቅልል ሲልሽ ስለማይ ነው። ዝም ማለት እችላለሁ። ሰምቻለሁ ማለት ግን አልችልም።

ትርንጎ፦ ምን ማለትሽ ነው? እዚያው ነበርኩ እኮ! ክንዴ ላይ እኮ ነው...

አዜብ፦ ያን ቀን ከደሴ ስትመጪ ጣርማ በር ላይ ጉም ይዟችሁ ነበር። ስትደርሺ ተገንዟል። ኮሪደሩን ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ ስትሮጪ አይቼሻለሁ።

ትርንጎ፦ አይተሽኛል?

አዜብ፦ አላሳማሁሽም። ለማንም አልተናገርኩም።

ትርንጎ፦ የራሴ እጅ እንኳ አይታየኝም ነበር፣ አዜቤ። ሾፌሩን ለመንኩት፣ «ገደል ነው» አለኝ። ወርጄ በእግሬ ትንሽ ሄድኩ። ትንሽ ነው የሄድኩት።

አዜብ፦ አውቃለሁ።

ትርንጎ፦ ምንም አላለም? አንዲት ነገር? እኔን አላነሳኝም?

አዜብ፦ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ነበር፤ አንድም ቃል አልወጣውም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ቀና ይላል፤ ነርሷ ስትሆን ተመልሶ ይተኛል። እጁን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ እትዬ፤ እሱ ሲያይ የነበረው በሩን ነው።