ለካርዱ ቦታ እንያዝለት

ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከሸሪካት ሰፈር ወደ ከተማ በሚሄድ ማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ፣ ተሳፈርኩ። ከፊቴ አንድ ትልቅ ሰውና አንዲት ወጣት በአማርኛ ያወሩ ነበር።

“የዋይፋይ ካርዱን ቀየርን፣ ያው ነው። ዋይፋይ ከሌለ የሸሪካቱ ክሊኒክ የክትባት ፍሪጅ ቢሞቅ ማን ይነግረናል? ፍሪጁን የሚከታተለውን ቦርድ ነገ እንንቀለው፣ ምሕረት።”

“አንነቅለውም፣ ጋሽ ታዬ።”

“ቦርዱ ሜሞሪ የለም እያለ?”

“ሜሞሪማ አለ፤ ግን ተበታትኗል። ካርዱ የሚፈልገው የተያያዘ ቦታ ነው። እዚህ መኪና ውስጥ ሦስት ባዶ ወንበር አለ፤ አንዱ ፊት፣ አንዱ መሀል፣ አንዱ ኋላ። ቤተሰብ አብረን እንቀመጥ ቢልስ?”

“ረዳቱ ጭን ላይ ያስቀምጣቸዋል።”

“ካርዱ ጭን ላይ አይቀመጥማ።”

“ቢሮ ስንሞክረው ሠርቶ የለ እንዴ?”

“ቢሮ ዋይፋዩን በእጃችን ቀድመን እናስነሳው ነበር። ክሊኒኩ ማታ ጀነሬተሩን ያጠፋል። ጠዋት ቦርዱ ሲነሳ እላዩ ላይ ያለው የካሜራ ፕሮግራም ይቀድምና ሜሞሪውን ይበታትነዋል።”

“እና ምን ይሁን?”

“ቦርዱ ገና ሲነሳ፣ ማንም ሳይቀድም፣ ለካርዱ ቦታ እንያዝለት።”

“አለቃችን ጠዋት ንቀሉ ብሏል።”

“ጠዋት ጀነሬተሩ ሲነሳ መጥቶ ይየው። ካልሠራ እኔው እነቅለዋለሁ።”

“ግትር ነሽ።”

“አሁን ከተመለስን ጀነሬተሩን ሳያጠፉት እንደርሳለን።”

ሰውየው ረዳቱን አቁምልን አለው። ወደ ከተማ የሚያሻግረው ድልድይ ጋ ሳንደርስ ወረዱ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት በክሊኒኩ በኩል ዞሬ፣ ጀነሬተሩ እስኪነሳ አጥሩ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ።