አማርኛ የማይችሉት አማቴ

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ መቐለ የገባሁት በትዳር ነው። በቀደም የአማቴን የአቦይ ሐጎስን የአርባ ቀን ተዝካር አውጥተን፣ ዓዲ ሓቂ ባለው ቤታቸው ተሰብስበን ስለሳቸው እናወራለን። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። «አቦይ አማርኛ ስለማይችሉ መግባቢያችን የኔ ስብርባሪ ትግርኛ ነበር» ብዬ ጀመርኩ። «አንድ ቀን ወንድሜ ሊጠይቀኝ መጣ። ‹ሓወይ መፂኡ›፣ ወንድሜ መጣ ልላቸው ፈልጌ ‹ሓዊ መፂኡ› አልኳቸው፤ እሳት መጣ ማለት ነው። ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዘው ሲሮጡ በሩ ላይ ከወንድሜ ጋር ተፋጠጡ!»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አብረዋቸው የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩት ጓደኛቸው አቶ ተኽሉ ግን ትክ ብለው አዩኝ። «ማነው አማርኛ የማይችለው? ሐጎስ? ያንቺው ደሴ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሮ! የአገርሽን ሰው በቀልድ የሚጨርሰው እሱ አልነበረም እንዴ?» ክው አልኩ። አራት ዓመት አብረን ስንኖር አንዲት የአማርኛ ቃል ከአፋቸው አልሰማሁም። ባሌን ዞሬ ባየው አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። ያኔ የአቦይ ባለቤት አደይ ለተብርሃን እጄን ያዙኝ። «ልክ ነው ጓለይ፣ ልጄ። ‹ተቸገረች እኮ፣ በቋንቋዋ አናግራት› እለው ነበር። ‹በአማርኛ ካናገርኳት እንግዳ ሆና ትቀራለች፤ እኔ የምፈልገው ልጄ እንድትሆን ነው› ይለኝ ነበር።» ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቷቸው ዞርኩና በሰው ሁሉ ፊት «የቐንየለይ፣ አቦይ» አልኳቸው፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ።